ሦስቴ ካልተሳበ

ልዕልት መንግሥቴ በቀሏን ልትወጣ ስትነሳ ጠመንጃ አልያዘችም፤ ጠበቃም አላቆመችም። የያዘችው አሥራ ሁለት ሜትር የሚረዝም ቤት ነው።

ቤቱ ጎማ አለው። አንገቱን በፒክአፕ ካሶኒ ላይ አስደግፎ የሚጎተት፣ አልጋም ምድጃም መታጠቢያም ያለው፣ ሰዉ «ፊፍዝ ዊል» የሚለው ግዙፍ ተጎታች። በመስከረም አጋማሽ፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ ሲያትል ውስጥ ሬኒየር ቢች ካለው የእድሩ አዳራሽ ጀርባ ተገትሯል። ከፊቱ የልዕልት አባት የመንግሥቴ ፒክአፕ ቆሟል። ፒክአፑ ጠንካራ ነው፤ ሞተሩም በናፍጣ የሚሠራ ጉልበተኛ ነው። የኋላ ጎማው ግን በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ ብቻ ነው። ይህን የሚያህል ቤት የሚጎትቱ ሰዎች በየጎኑ ጥንድ ጎማ ያለው መኪና ይመርጣሉ፤ አንዱ ቢፈነዳ ወንድሙ ይሸከምለታል። የመንግሥቴ ፒክአፕ ጎማ ግን ወንድም የለውም።

ቤቱ የሚሄደው ለኪዳነ ወልድ ነበር። በነሐሴ የተነሳው ሰደድ እሳት ከተራራው ማዶ፣ ከትዊስፕ ከተማ በላይ የነበረውን የኪዳነ ወልድን ቤት ከነመኪናው አመድ አድርጎታል። እሱና ሚስቱ ጽጌ ድንኳን ውስጥ ናቸው፤ በረዶው ደግሞ ደርሷል። እድሩ ተረባርቦ ያገለገለ ተጎታች ቤት አገኘላቸው፤ የሚጎትት ሰው ግን አጣ። ፒክአፕ ካላቸው አባላት አንዱ ወገቤን አለ፣ ሌላው ሥራዬን አለ። ልዕልትን ማንም ሊጠይቃት አልደፈረም፤ በእሷና በኪዳነ ወልድ መካከል ምን እንዳለ የማያውቅ የለምና። ራሷ ኮል አድርጋ «እኔ አደርሰዋለሁ» ስትል፣ የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ወልደ ሥላሴ ስሟን ደግማ እንድትነግራቸው ጠየቁ።

«እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ» አሉ። «ሰፊ ልብ ነው ያለሽ።»

ልቧስ ሰፊ ነበር። ውስጡ የተጠራቀመውን አላዩትም እንጂ።

ነገሩ የሦስት ዓመት ነው። መንግሥቴ ያን ጊዜ የሰው ተጎታች ቤት በመጎተት የሚተዳደር፣ እጁ የተመሰገነ ሰው ነበር፤ ኪዳነ ወልድ ደግሞ የሥራ ባልደረባው። አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያኑ የልጆች ካምፕ ተጎታች ወደ ማዶ መሻገር ነበረበት። መንግሥቴ ማለዳ በራሱ ፒክአፕ ላይ ገጥሞ ሰጠ፤ ኪዳነ ወልድ ነዳ። ዋሽንግተን ፓስ ከሚባለው ከፍታ ቁልቁል፣ መንገዱ ወደ ራሱ የሚዞርበት ጥምዝ ላይ፣ ተጎታቹ ከፒክአፑ ተላቀቀ፤ የካሶኒውን የጎን ስፖንዳ ጨፍልቆ ገደል ገባ። በዕለቱ ሰው አልሞተም። ኪዳነ ወልድ ግን ሽማግሌዎች ፊት መስቀል ጨብጦ «መንግሥቴ ነው ሳይቆልፍ የሰጠኝ» አለ። ሽማግሌዎቹም አመኑት። መንግሥቴ «ሦስቴ ስቤዋለሁ» ከማለት በቀር ምን ይበል? ምስክር አልነበረውም። ከዚያ ወዲያ ቁልፍ የሚሰጠው ጠፋ። ቢከን ሂል ካለው አፓርታማው መስኮት ሥር ተቀምጦ፣ የሰው መኪና ሲወጣና ሲገባ እያየ ሁለት ዓመት ከረመ፤ ባለፈው ጥቅምት እንደተኛ ቀረ። የመጨረሻ ቃሉ ኑዛዜ ሳይሆን ሙግት ነበር። «ሦስቴ ስቤዋለሁ፣ ልዕልት።»

ሦስቴ መሳብ የመንግሥቴ ሥርዓት ነው። ተጎታቹ ከተገጠመ በኋላ የተጎታቹን ፍሬን ብቻ በእጁ ይይዝና ፒክአፑን ወደፊት ይገፋዋል፤ ካሶኒው ላይ ያለው መንጋጋ የተጎታቹን ፒን በደንብ ካልነከሰ እዚያው ይለቀዋል። ሌላው ሹፌር አንዴ ይበቃዋል፣ ሰነፉ ጭራሽ ይዘለዋል። መንግሥቴ ግን «አብ» ብሎ ይስባል፤ «ወልድ» ብሎ ይስባል፤ «መንፈስ ቅዱስ» ብሎ ይስባል። እንዲህ ያለ ሰው ሳይቆልፍ ሰጠ ብሎ የሚያምን፣ ፀሐይ በምዕራብ ወጣች ቢሉትም ያምናል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ልዕልት ሐሳቧ አንድ ነበር። ቤቱን እስከ ኪዳነ ወልድ ደጃፍ ታደርሰዋለች፤ ግን አታወርደውም። በሊቀ መንበሩና በሚስቱ ፊት እውነቱን አፍረጥርጦ ካልተናገረ፣ ቤቱን ከአፍንጫው ሥር መልሳ ትጎትተዋለች። ከዚያ በኋላ በረዶውም ይምጣ። ለዚህ ነው «ጋሼ፣ እርስዎ አብረውኝ ሄደው በእጅዎ ያስረክቡ» ብላ ሽማግሌውን የለመነቻቸው።

ነገር የተበላሸው ግን ገና ከሲያትል ሳይወጡ ነው። ሐበሻ መንገደኛ ካየ ዕቃ ሳይልክ አይለቅም። እትዬ እናኑ ከሾርላይን ድረስ በሁለት ጆንያ ጤፍ መጡ።

«ልዕልትዬ፣ ትንሽ ነገር ናት። ጤፍ ብቻ ናት። ቅቤም አለችበት፣ ለጽጌ።»

«ኦኬ እትዬ እናኑ። ከፊት በኩል ይግባ።»

ያፌት ጄኔሬተር አመጣ፤ እዮብ ሦስት ትልልቅ ባትሪ። አንዱ የብረት ምጣድ፣ አንዱ የሲሚንቶ ከረጢት፣ አንዱ ስንት ጋሎን ውሃ። ሁሉም ትንሽ ነገር ነው፤ ሁሉም የገባው ከፊት ባለው ዕቃ ማስቀመጫ፣ ልክ ከፒኑ በላይ ነው። የፒክአፑ ባሌስትራ ተዘረጋ፤ ቂጡ ወርዶ አፍንጫው ወደ ሰማይ ቀና አለ። መንግሥቴ ቢሆን ሚዛን ላይ ሳያወጣው ንቅንቅ አይልም ነበር። ልዕልትም ታውቃለች። ግን ከተቃጠለ ቤት ላይ የጤፍ ጆንያ እንዴት ይመለሳል? ደግሞስ «በዛ» ብትል፣ «የመንግሥቴ ልጅ ፈራች» አይሉም? ይሉኝታ አንድ እጇን ያዘ፣ እልህ ሌላውን። አፏን ዘጋችና ቁልፉን አዞረች።

ሦስቴ ሳበች። ጋሽ ወልደ ሥላሴ መነጽራቸውን እየጠረጉ ነበርና ልብ አላሉም።

ዝናቡ ከከተማው ወጥተው ወደ ሰሜን እንደገሰገሱ ያዛቸው። ዝናብ ለሲያትል ሰው ወሬም አይደል፤ ነፋሱ ነው ጉዱ። ወደ ተራራው የሚወስደውን መንገድ ሲይዙ ከሸለቆው እየተወነጨፈ ያንን የቤት ግድግዳ በጎኑ ይመታዋል፤ ተጎታቹ ፒክአፑን፣ ፒክአፑ መሪውን፣ መሪው የልዕልትን ክንድ ይነቀንቃል። ጭነቱ ሁሉ በፒክአፑ ኋላ ላይ ስለተጫነ የፊት ጎማዎቹ መንገዱን በወጉ አይጨብጡም። መሪውን ስታዞር መኪናው አንድ ሐሳብ አስቦ ነው የሚታዘዘው።

«እንዲህ መዋኘቱ የጤና ነው?» አሉ ሽማግሌው፣ የበሩን እጀታ እንደጨበጡ።

«የትንሽ ነገር ውጤት ነው ጋሼ።»

የመጨረሻው ማደያ ላይ ናፍጣ ሞላች። ከዚያ ወዲያ መቶ ኪሎ ሜትር ነዳጅ የለም፤ ስልኩም ብዙ ሳይቆይ ጠፋ። መንገዱ ወደ ላይ ተያያዘው። በግራ የዝግባ ደን፣ በቀኝ ገደል፤ ከገደሉ ሥር አረንጓዴ ሐይቅ በደመና ቀዳዳ ብልጭ እያለ ይጠፋል። ሞተሩ ያጓራል። ፏፏቴው ከቋጥኝ ላይ ዘሎ አስፋልቱን ያጥባል። ከላይ የተንከባለለ ድንጋይ፣ የበግ ጭንቅላት የሚያህል፣ ጋቢናው ፊት ዘሎ አለፈ። ልዕልት ፍሬን አልነካችም፤ መሪውን በአንድ ጣት ያህል ብቻ ገፋ አድርጋ አመለጠችው። ከፍታው ሲጨምር ዝናቡ ወደ በረዶ ዶፍ ተለወጠና መስታወቱን ይቀጠቅጠው ጀመር።

«እውነቱን ንገሪኝ» አሉ ጋሽ ወልደ ሥላሴ በድንገት። «የመጣሽው ቤት ልታደርሺ ብቻ አይደለም። እኔ ይህን ሽበት በሞኝነት አላበቀልኩትም።»

ነገረቻቸው። አንድም ነገር አልሸሸገችም።

«ተይ ልጄ! በቀል የእግዚአብሔር ነው።»

«እግዚአብሔርማ ይበቀል ጋሼ። እኔ ቤቱን ብቻ ነው የምይዘው።»

«ጽጌስ? በብርድ ትሙት?»

«አባቴ ሲሞት እናንተ የት ነበራችሁ?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ፈራጁ እሳቸው ነበሩ፤ ሁለቱም ያውቁታል። 

ዋሽንግተን ፓስ ላይ ዶፉ ቆመ። ማዶው ተገለጠ፤ እንደ መጋዝ ጥርስ የተደረደሩ የድንጋይ ተራሮች፣ ከሥራቸው ወደ ራሱ የሚዞረው ጥምዝ። ልዕልት ማርሽ ቀንሳ ቁልቁለቱን ጀመረች። ከጥምዙ ጠርዝ ላይ፣ ከአሮጌው ከለላ ብረት መካከል፣ አዲስ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ቁራጭ አየች። የልጆቹ ካምፕ ተጎታች ወጥቶ የሄደው በዚያ ነው። የአባቷም ስም አብሮ።

ዐይኗን ከዚያ ብረት ላይ መንቀል አቃታት። ቂም ሹፌር ሲሆን ደግሞ ቁልቁለት አያይም። ፍጥነቱ በአምስት ስድስት ማይል ከሚገባው በላይ ሄደ፤ ጥምዙን እንደ ምንም አለፈችው። ከጥምዙ በታች ባለው ቀጥ ያለ ቁልቁለት ላይ የቀኙ የኋላ ጎማ ፈነዳ።

እንደ ጥይት ጮኸ። ካሶኒው ወደ ቀኝ ወደቀ፤ ያ ሁሉ ጤፍ፣ ባትሪና ሲሚንቶ በባዶ ቸርኬ ላይ ተቀመጠ። ፒክአፑ ቂጡን ወደ ገደሉ ወረወረ። ከኋላ ቤቱ መጣ።

«በስመ አብ!»

የእግሯ ፍላጎት ፍሬኑን መርገጥ ነበር። አልረገጠችም። አባቷ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት ያስተማራትን እጇ አስታወሰው፤ ከመሪው በታች ያለችውን የተጎታቹን ፍሬን ማንሻ ያዘችና ጨመቀች። የፒክአፑ ሳይሆን የተጎታቹ ጎማዎች ብቻ ነከሱ። ቤቱ ከኋላ እንደ ባለጌ በሬ ወደኋላ ጎተታት፤ መወናጨፉ ተፈታ፣ መስመሩ ቀጥ አለ። ቸርኬው አስፋልቱን እየፋቀ ብልጭታ ይረጫል። ሁለት መቶ ሜትር። ሦስት መቶ። በስተግራ ከተራራው ሥር የተጠረገ ሜዳ ታየ፤ ተቃራኒውን መስመር ቆርጣ ገባችበትና አቆመች።

ጋሽ ወልደ ሥላሴ እጃቸውን ከበሩ እጀታ ላይ ማላቀቅ አልቻሉም። ልዕልት ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ፈታችላቸው።

«የእኔ ጥፋት ነው» አለች። «ሚዛን ላይ ማውጣት ነበረብኝ።»

እንዲህ ያለ ጎማ ለመቀየር መጀመሪያ ሸክሙን ከላዩ ማንሳት ያስፈልጋል። ቤቱ እንዳይንሸራተት ሁለቱን የጎማ ታኮዎች ከተጎታቹ ጎማ ሥር ሸጎጠች፤ በግራ በኩል ያለውን ቁልፍ ተጭና የተጎታቹን የፊት እግሮች ዘረጋች። እግሮቹ መሬት ረግጠው ሲገፉ ካሶኒው ቀስ እያለ ተነሳ። ክሪክ ገባ፤ ብሎኖቹ ተፈቱ፤ ሽማግሌው ብሎኖቹን በባርኔጣቸው ያዙ። ስኮርታው ጎማ ከሥር ወጥቶ በቦታው ገባ። አየሩ የተቃጠለ ጎማና የቅቤ ሽታ ይሸታል። ግርግሩ የፊቱን ዕቃ ማስቀመጫ የቀኝ በር ከፍቶ የእትዬ እናኑን ቅቤ መሬት ላይ አፍስሶታል።

«ልዕልት» አሉ ጋሽ ወልደ ሥላሴ። «እዚህ አገር ጥጃ ጥቁር ነው እንዴ?»

ቀና አለች። ከዛፎቹ መካከል የወጣው ጥጃ አልነበረም። ድብ ነው፤ እሳቱ ከጫካው ያባረረው፣ በረዶው ሳይገባ ስብ የሚሻ፣ ጠጉሩ በአንድ ጎኑ የተለበለበ ትልቅ ጥቁር ድብ። አፍንጫውን አንስቶ ቅቤውን አሸተተ።

«ጋሼ፣ አይሩጡ። ቀስ ብለው ጋቢና ይግቡ።»

«አንቺስ?»

«ሁለት ብሎን ቀርቶኛል።»

ድቡ በቀኝ መጥቶ ቅቤውን ይልስ ጀመር። እሷም በቀኝ ጎማ ሥር ተንበርክካለች። በመካከላቸው አራት ክንድ ቢሆን ነው። ሁለቱንም ብሎኖች አጠበቀች። ክሪኩን አውጥታ በፊት በኩል ዞረችና ወደ ግራ ሄደች፤ የእግሮቹን ቁልፍ ተጫነች። የእግሮቹ ሞተር አንጫጫ። እግሮቹ ከመሬት አንድ ስንዝር እንደተነሱ ድቡ ጩኸቱን ጠልቶ በሁለት እግሩ ቆመ፤ መዳፎቹን ያኔ በተጨፈለቀው ስፖንዳ ላይ ጣለና ካሶኒው ላይ ሊወጣ ቧጠጠ። ልዕልት ቁልፉን ትታ ጋቢና ገባችና በሩን ጠረቀመች።

«ሂጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?» ጮኹ ሽማግሌው። ድቡ በኋላው መስታወት እያያቸው ነው።

ልዕልት የተጎታቹን ፍሬን ጨመቀች።

«አብ» ብላ ሳበች። ያዘ።

«ሴትዮ፣ አብደሻል? ሂጂ እንጂ!»

«ወልድ።»

ቋ! የሚል ድምፅ ከካሶኒው ተሰማ። ፒክአፑ አንድ ጋት ያህል ብቻውን ወደፊት ሄደ። ልዕልት ወደኋላ ዞራ አየች። የመንጋጋው መክፈቻ እጀታ በስፖንዳው ጎን ብቅ ይላል፤ ድቡ ሲቧጥጥ እሱን ስቦ አላልቶታል። አንዴ ብቻ ስባ ብትነሳ ኖሮ ቤቱን ቁልቁለቱ ላይ ትጥለው ነበር፤ ልክ እንደዚያኛው።

ጡሩንባውን በሙሉ ክንዷ ተጫነችው። ተራራው መልሶ ጮኸ። ድቡ ደንግጦ ወረደና ወደ ዳገቱ ሮጦ ከዛፎቹ ሥር ቆሞ ይገላምጣቸው ጀመር። ወደኋላ ገፋች፤ መንጋጋው ፒኑን ነክሶ ተዘጋ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

«አብ።» ያዘ። «ወልድ።» ያዘ። «መንፈስ ቅዱስ።» ያዘ።

«ጋሼ፣ ጡሩንባውን አይልቀቁት» ብላ ወርዳ እግሮቹን እስከ መጨረሻው አነሳች። ድቡ ሁለት እርምጃ ሲቀርብ ተመልሳ ጋቢና ዘላ ገባች። ታኮዎቹን ልታነሳ ጊዜ አልነበራትም፤ ቤቱ በላያቸው ዘሎ ወጣ፤ ሁለቱም እዚያው ሜዳ ላይ ቀሩ።

ከተራራው ሥር ማዛማ የምትባለው መንደር ሲደርሱ ሽማግሌው ወደ ልዕልት ዞሩ። 

«አባትሽ እንዲህ ነበር የሚያደርገው?»

«ሁልጊዜ።»

«ቢቸኩልም?»

«እርስዎ አሁን ድብ አላዩም ጋሼ? ይህን ከአባቴ ነው የተማርኩት።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «ያን ቀን ሥራውን እንዲያሳየን አልጠየቅነውም» አሉ። «መስቀሉን ብቻ አየን።»

ኪዳነ ወልድ ያለበት ኮረብታ ላይ ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ዛፎቹ የከሰል ምሰሶ ሆነው ቀርተዋል። መሬቱ ጥቁር ነው፣ አየሩ አመድ አመድ ይላል። ከቤቱ የቀረው የጭስ ማውጫው ብቻ ነው። ከጎኑ ሰማያዊ ድንኳን፤ ከድንኳኑ ፊት ጽጌ በሁለት ሹራብ ላይ ብርድ ልብስ ደርባ ቆማለች። ኪዳነ ወልድ እጁን እያውለበለበ ሮጦ መጣ። ኮስሷል፤ ጺሙ ሸብቷል። ልዕልት ሞተሩን አላጠፋችም። የወረደችው በእጇ ስልኳን ይዛ ነው።

«እሰይ! እንኳን ደህና መጣችሁ! ልዕልት፣ እዚያ ጋ ፓርክ አድርጊው፤ ትንሽ ተዳፋት ነው እንጂ...»

«አላወርደውም» አለች።

ከልጅነቷ ጀምሮ ጋሽ ኪዳኔ ስትለው ኖራለች። ዛሬ አንተ አለችው።

«አንተ ያን ቀን ያደረግከውን ካልተናገርክ፣ ቤቱ ከእኔ ጋር ይመለሳል።»

ፊቱ ጠቆረ። «ቤቱ የእድሩ ነው። አንቺ ሹፌር ብቻ ነሽ።» ዘሎ ወደ ካሶኒው ሄደና የመንጋጋውን እጀታ ጨበጠ።

«ሳበው» አለች ልዕልት። አልተንቀሳቀሰችም። «እግሮቹ አልወረዱም። ሳበውና እንደዚያኛው ይውደቅልህ። አሁን ግን መንግሥቴ የለም፤ በማን ታላክካለህ?»

እጁ እጀታው ላይ ደረቀ።

ጋሽ ወልደ ሥላሴ ከጋቢናው ወረዱ። «ኪዳነ ወልድ» አሉ ቀስ ብለው። «ያን ቀን መንገድ ላይ የት ነው የፈታኸው?»

«ምኑን?»

«መንግሥቴ ሦስቴ ሳይስብ አይሰጥም። ዛሬ ልጁ ድብ ከጀርባዋ ቆሞ ሦስቴ ስትስብ በዐይኔ አየሁ። ደግሞስ ያልተቆለፈ ነገር ከሲያትል ተነስቶ ያን ሁሉ መንገድ ተጎትቶ፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ፣ ጥምዙ ላይ ብቻ እንዴት ይፈታል? የት ነው የፈታኸው?»

 ነፋሱ አመዱን በእግራቸው መካከል ነዳው።

«ንገራቸው» አለች ጽጌ። ሁሉም ዞሩ። «ለእኔ በእንቅልፍህ የምትነግረኝን ንገራቸው።»

ኪዳነ ወልድ ካሶኒውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ልዕልት ስልኳን አነሳች። «ለእድሩ ግሩፕ ነው። ጮክ በል።»

«ስልኬን... ከሥር ማደያው ላይ ረስቼው ነበር» አለ። «ፓሱ ላይ ስደርስ ትዝ አለኝ። ከነተጎታቹ መዞር አይቻልም። ሶ፣ ተጎታቹን እዚያ ፈትቼ በባዶ መኪና ተመለስኩ። ስመጣ መሽቶብኝ ነበር። ገጠምኩት። አንዴም አልሳብኩትም። መንግሥቴ ቆልፎ ነው የሰጠኝ። መንጃ ፈቃዴን እንዳይወስዱብኝ ፈራሁ... ከዚያ መስቀሉን ስይዝ ደግሞ መመለሻው ጠፋኝ።»

ልዕልት የቀዳችውን ድምፅ ላከችው። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህችን ቅጽበት ስታልም የሚመጣ የመሰላት እልልታ ነበር። የመጣው ግን የአባቷ የመስኮቱ ወንበር ነው።  ኪዳነ ወልድ ተነስቶ ከፈረሰው ግድግዳ ድንጋይ ሊያነሳ ሲሄድ፣ የቀደሙት ጋሽ ወልደ ሥላሴ ነበሩ። የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ፣ በእሳት የጠቆረ ድንጋይ በማጅራታቸው ተሸክመው ልዕልት ፊት አጎነበሱ።

«ጋሼ! ምን ማድረግዎ ነው?»

«ምስክር ሳልጠይቅ ፈርጄበታለሁ። እሱ የለም፤ አንቺ አለሽ።»

ድንጋዩን ከላያቸው ነጠቀችው። ሲያለቅሱ ማየት አልቻለችም። ተከትሎ የመጣውን የኪዳነ ወልድን ድንጋይ ግን አልነካችም። ድንጋዩን ተሸክሞ እንዳጎነበሰ ተወችውና ጋቢና ገባች፤ ቤቱን ወደ ተዳፋቱ አስገባች፤ ወርዳ በዐይኗ ለካች፤ እንደገና ገብታ አስተካከለች፤ በሩ ወደ ፀሐይ መውጫ ይሁን ወይ ብላ ጽጌን ጠየቀች። አልቸኮለችም። 

ከዚያ የሽማግሌውን ድንጋይ ከግራው ጎማ ሥር ሸጎጠችው። ወደ ኪዳነ ወልድ ሄደችና የሱንም ከማጅራቱ አነሳችው፤ ከቀኙ ሥር ሸጎጠችው።

«ይቅር... ይቅር አልሽኝ?» አለ ቀና ሳይል።

«አላልኩህም። ታኮዬ ተራራው ላይ ቀርቶ ነው።»

 ልዕልት ጋቢና ገባች። ድንጋዮቹ መያዝ አለመያዛቸውን ሳታይ እግሮቹን አታወርድም። አሁን የተጎታቹን ፍሬን አልነካችም፤ ሸክሙን ለድንጋዮቹ ተወችው። ቀስ ብላ ወደፊት ሳበች።

«አብ» አሉ ጋሽ ወልደ ሥላሴ ከውጭ፣ ጮክ ብለው።

ሳበች።

«ወልድ» አሉ።

በሦስተኛው ሽማግሌው ሳግ ያዛቸው። «መንፈስ ቅዱስ» ያለው ኪዳነ ወልድ ነበር፤ አጎንብሶ፣ ዐይኑን ከድንጋዩ ላይ ሳይነቅል። ልዕልት በስፖኪዮው አየችውና ሳበች።

ቤቱ ከቦታው አልተነቃነቀም። ወርዳ እግሮቹን አወረደች።